ዕቃውን የሚያስተካክልልን ልጅ

ትርሲት ያንን ቃል የተናገረችው ሳታስበው ነው ብሎ የሚከራከርላት ሰው ቢገኝ እሷ ራሷ አታምነውም። አስባዋለች። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ብቻ ይሁን እንጂ አስባዋለች።

ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ቢቸና፣ እንግሊዝኛ የምታስተምርበት የሁለተኛ ደረጃ ክፍል። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ገምጋሚዎች ተማሪ ዴስክ ላይ ተጨናንቀው ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደ ኪዳን ክንዳቸውን አጣምረው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከክፍሉ በስተኋላ፣ ከድምፅ ማጉያው ጎን፣ ወጣቱ መምህር ሰማው ቆሟል። ለዚህች ቀን ብሎ ማልዶ ተነሥቶ ከሞጣ ነው የመጣው፤ ጫማው ላይ ያለው የመንገድ አቧራ እንኳ ገና አልተራገፈም።

ትምህርቱ ሠምሮ ነበር። ተማሪዎቹ በየቡድናቸው አንዳንድ ስልክ ይዘው ያዳምጣሉ፤ ያቆማሉ፤ የሰሙትን ይደግማሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ ቀርፀው መልሰው ይሰሙና እርስ በርስ ይተራረማሉ። አምና «እስኩል» እያለች ስትንተባተብ የነበረች ልጅ ብድግ ብላ ዋናውን ገምጋሚ በእንግሊዝኛ ከየት እንደመጡና መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀቻቸው። ሰውየው ከመመለሳቸው በፊት ደስ ብሏቸው ሳቁ።

«ግሩም ነው መምህርት!» አሉ። «ይህን ሁሉ ድምፅ ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ እንዲህ አሳምሮ ያሰናዳው ማን ነው? ያ ከኋላ የቆመው ወጣትስ?»

ትርሲት ቀና ስትል ከሰማው ዓይን ጋር ተገጣጠመች። ፈገግ ብሎ ነበር፤ ስሙ ሊጠራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ፈገግታ። ዓይኗ ግን ወደ በሩ ሸሸና አቶ ወልደ ኪዳን ላይ አረፈ። አቶ ወልደ ኪዳን የአባቷ የቅኔ ተማሪ የነበሩ፣ ዛሬም በየሰንበቱ ከአባቷ ቤት የማይጠፉ ሰው ናቸው። በዚህ ክፍል የተነገረ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአባቷ ከመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ጆሮ ይደርሳል።

«ሥራው የእኔ ነው» አለች። «እሱ ዕቃውን የሚያስተካክልልን ልጅ ነው።»

የሰማው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም። የባሰው ያ ነው። ቤቱን ተነጥቆ ደጅ የሚንከራተት ሰው ይመስል ፊቱ ላይ ትንሽ ዋለለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ከሰመ። ትርሲት ትምህርቱን ስትቀጥል አፏ የሚለውን ጆሮዋ አልሰማውም።

* * *

የሁለቱ ነገር የተጀመረው በንዴት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞጣ ላይ የክረምት ሥልጠና ነበር። በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ፣ አገሩ ሁሉ «ፕላዝማ» ብሎት፣ ትምህርቱ በሳተላይት የሚወርድበት ጊዜ ነው። የፕላዝማዋ መምህርት እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች፤ ተማሪው ያዛጋል። «ገባችሁ?» ትላለች፤ መልስ ሳትጠብቅ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። ትርሲት በሥልጠናው መሐል እጇን አውጥታ «የማይሰማ መምህር መስማትን እንዴት አድርጎ ያስተምራል?» ብላ ጠየቀች። አሠልጣኙ ጥያቄው ከርዕስ ውጭ ነው አሏት። ተንጨርጭራ ስትወጣ አንድ ረጅም ጠይም የኮምፒውተር መምህር ከኋላዋ ደረሰና «እንግዲያው የሚሰማ እንሥራ» አላት። ይህ ሰው ሰማው ነበር።

ሠሩም። እሷ የገበያውን፣ የመናኸሪያውን፣ የጤና ጣቢያውን ጨዋታ በቀላል እንግሊዝኛ ትጽፋለች፤ የአባቷ ተማሪዎች ቅኔ ነግረው እስኪበተኑ ትጠብቅና መስኮት ዘግታ በስልኳ ትቀርፃለች። ሚሞሪ ካርዱ በወረቀት ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ይገባል። ሰማው ያጠራዋል፤ የሮጠውን ያዘገያል፤ ተማሪ ቆም ብሎ የሚያስብበት ዝምታ በየመሐሉ ይከትበታል። ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሲደናቀፍ ስንት ትንፋሽ እንደሚያስፈልገው የሚመጥነው እሱ ነው። ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈ ቢቸናን ያዳርሳል።

የአንድን ሰው ድምፅ ሲያዳምጥ የሚውል ሰው ባለ ድምፁን ማወቁ አይቀርም። አንድ ቀን ደወለላት።

«ትናንት አልቅሰሻል» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«ጉድ ሞርኒንግ ስትይ ድምፅሽ ታሟል። ምን ሆነሽ ነው?»

በዚያ ሳምንት እናቷ እንኳ ማልቀሷን አላወቁም ነበር። ትርሲት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ዝም አለች፤ እሱም ዝም አለ። የሚባባሉትን ሁሉ በዚያ ዝምታ ተባባሉ።

ፍቅራቸው ግን አደባባይ አልወጣም። የሰማው አባት ከሞጣ ዳር ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ ባለ እጅ ናቸው። ገበሬው በእሳቸው ማረሻ ያርሳል፤ በእሳቸው ማጭድ ያጭዳል፤ ከቤታቸው ገብቶ ግን እህል አይቀምስም፤ ከዘራቸውም አይጋባም። «ዓይናቸው…» ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይተወዋል። ትርሲት ደግሞ ከሩቅ አገር ሳይቀር ተማሪ የሚመጣላቸው የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ናት። «ለአባየ እስክነግራቸው ታገሠኝ» ብላዋለች። ታግሧታል። አንድ ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሥራው ብስጭት ነበር። መምህራኑ «የሞባይሏ» ይሏት ነበር። አቶ ወልደ ኪዳን አንድ ሰሞን የተማሪዎቹን ስልክ ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውባታል። ክፍሏን ያየ ሱፐርቫይዘር «ከፕላዝማው መርሐ ግብር ወጥታለች» ብሎ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቷታል። ለማስረዳት ስትሞክር «ስልክ ለጨዋታ ነው እቴ» ይሏታል። የሠራችው ሥራ ሙያ መሆኑን አንድ ሰው እንኳ በአፉ እንዲመሰክርላት ተመኝታ ተመኝታ ደክሟት ነበር። ስለዚህ በቴክኖሎጂ የታገዘ የቋንቋ ትምህርት ለሚያውቅ መምህር የአሠልጣኝነት ዕውቅና ሊሰጥ ነው ሲባል፣ ለብዙ ጊዜ የተዘጋ በር የተከፈተ መሰላት። ማዕረጉን ስይዝ ቃሌ ክብደት ይኖረዋል፤ ያን ጊዜ ለአባየ እነግራቸዋለሁ ብላ ነበር የተነሣችው።

* * *

ገምጋሚዎቹ ወደ ምሳ ሲሄዱ ሰማው ሽቦውን በክርኑ ላይ ይጠቀልል ነበር።

«ሰማው…»

«ቆይ፣ ዕቃውን ላስተካክል። ሥራዬ ነው።»

«እንዲህ አትበለኝ። አቶ ወልደ ኪዳን ቆመው ነበር። አይተሃቸዋል እኮ!»

«እሳቸውን አይቻቸዋለሁ። አንቺ ግን እኔን አላየሽኝም።»

«ጥቂት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ማዕረጉ እጄ ይግባና አባየ ፊት ቀና ብዬ…»

«ትርሲት» አለና ሽቦውን ዴስኩ ላይ አኖረው። ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ በወደደች። «ሰው ሲንቀን ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ አጥቻለሁ። ቆዳዬ ወፍሯል። ወደ አንቺ ያለውን ወገን ብቻ ነው ሳላወፍር የተውኩት። እዚያ ላይ መታሽኝ።»

እጇን ዘረጋች። አልያዘውም፤ አልገፋውምም። ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ በተማሪዎቹ መሐል አልፎ ወጣ። ተማሪዎቹ «ቻው መምህር!» ብለው ሲሰናበቱት ለእነሱ ብቻ ፈገግ አለላቸው። ትርሲት ባዶው ክፍል ውስጥ ቀርታ፣ አጥፊዋ ራሷ እያለች፣ በእሱ ላይ መናደድ አማራት፤ ያም አልሆነላትም።

* * *

ከዚያ በኋላ ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። መጨረሻ ላይ ያቺ የተቀረፀች ሴት ትመጣና የደወለችለት ሰው እንደማይመልስ ትነግራታለች። የምትናገር እንጂ የማትሰማ ሌላ ሴት! ትርሲት አንድ ቀን ብሽቅ ብላ «አውቄዋለሁ!» ብላ ጮኸችባት፤ መንገድ ላይ የነበረ ባለ ባጃጅ ዞሮ አያት።

መልእክት ጻፈችለት። «ይቅር በለኝ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው፤ ቃሉ አነሰባት። «ተረዳኝ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው፤ ቃሉ አሳፈራት። በመጨረሻ የላከችው «እንዴት ዋልክ» የሚል ሆነ። እሱም «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰላት። እንዲህ ያለ መልስ ሰው ለአክስቱ ነው የሚልከው።

አዲስ ትምህርት ብቻዋን አዘጋጀች። ክፍል ውስጥ ስትከፍተው ተማሪዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ።

«መምህርት፣ የዛሬው ይሮጣል» አለች ያቺ «እስኩል» ትል የነበረችው ልጅ።

«ከባለፈው አይፈጥንም።»

«የባለፈው ይጠብቀን ነበር።»

ትርሲት ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ። ተማሪዎቹ ፊቷን እንዳያዩ ያልተጠየቀ ነገር መጻፍ ጀመረች።

የዕውቅና ወረቀቱ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። አቶ ወልደ ኪዳን በባንዲራ ሥነ ሥርዓት ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። «የሞባይሏ» ይሏት የነበሩት መምህራን አጨበጨቡ። ለዓመታት የጓጓችለት ነገር ደርሶ አፏ ውስጥ አፈር አፈር አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአባቷ ደስታ ነበር። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ከወንበራቸው ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት።

«ስልክ ስትነካኪ ስትውይ ዋዛ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «ለካ አንቺም ጉባኤ ዘርግተሽ ኖሯል። የማንንም እጅ ሳታይ፣ ብቻሽን!»

«ብቻሽን» የሚለው ቃል ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የበላችው አልጣፈጣትም።

* * *

የመጀመሪያው ሥልጠና ሞጣ ላይ ሆነ። ከየወረዳው የመጡ የቋንቋ መምህራን አዳራሹን ሞልተውታል። ትርሲት ስትገባ መድረኩ ላይ ጎንበስ ብሎ ማይክራፎን የሚሞክረውን ሰው ከጀርባው አወቀችው። የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ነውና ዕቃውን እንዲያዘጋጅ አዘውት ነው።

«ዝግጁ ነው፣ መምህርት» አላት ዓይኑን ሳያነሣ፤ ወርዶም ከግድግዳው ጥግ ቆመ። ከስቷል። ኮሌታው ሰፍቶታል።

ትርሲት ያዘጋጀችውን ንግግር ገለጠች። ፊደሉ ተንሳፈፈባት። ማይክራፎኑን ስትይዝ ብረቱ ገና ከእጁ ሙቀት አልበረደም ነበር።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላርም» አለች። «ተማሪ ሲሳሳት ወዲያው ይታረም እንላለን፤ እኔ ግን ስሕተቴን ሳላርም ከርሜያለሁ። ይህ ሥራ የእኔ ብቻ አይደለም። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተማሪው እንዲሰማው ያደረገው መምህር ሰማው ነው፤ ያ ጥግ የቆመው። ድምፄ ውስጥ ዝምታ የጨመረልኝ እሱ ነው፤ ተማሪዎቼ የተማሩትም በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ገምጋሚዎቹ ፊት ዕቃ የሚያስተካክል ልጅ ነው ብያለሁ። ዋሽቻለሁ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከፊት የተቀመጡ አንድ የቢሮ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው «መምህርት፣ ወደ ርዕሱ ብንገባ?» አሉ።

«ርዕሱ ይኸው ነው» አለች።

ሻይ ዕረፍት ላይ ሰማውን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ አገኘችው። እየሮጠች ነበር የመጣችው። ይቅር ብሎኛል፤ ይኸው አበቃ ብላ ነበር።

«ሰማኸኝ?»

«ሰማሁሽ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ከዚያ አላት፦ «ትርሲት፣ እነዚህ ሁሉ መምህራን ስሜን ቢያውቁ ባያውቁ ለእኔ ምንድን ነው? ያስዋሸሽ ሰው ያለው ቢቸና ነው። እውነቱን አምጥተሽ የዘረገፍሽው ሞጣ ነው።»

እንደ ጥፊ አገኛት። «ሥራዬን አደጋ ላይ ጥዬ ነው የተናገርኩት!» አለች ተቆጥታ። «ምን እስክሆንልህ ነው የምትፈልገው?»

«ምንም እንድትሆኚ አልፈልግም። ስለ ሥራው ከሆነ አስተካክለሽዋል፤ ባልደረባዬ ነሽ፤ አከብርሻለሁ።» ዓይኑን ወደ አጥሩ መለሰ። «እኔ ግን ባልደረባ አልነበርኩም እኮ።»

ዕረፍቱ አልቆ ሲጠሯት ወደ አዳራሹ ተመለሰች።

* * *

ቢቸና እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታኖር አባቷ ፊት ቆመች። ተማሪዎቻቸው ተበትነው መሪጌታ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሐና ከጓዳ በር ላይ ሆነው የልጃቸውን ፊት አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አባየ፣ ያ ሥራ የብቻዬ አይደለም። ሞጣ ካለ መምህር ጋር ነው የሠራሁት። እወደዋለሁ። እሱም ይወደኛል። የባለ እጅ ልጅ ነው።»

«የመጀመሪያውን ሰማሁ» አሉ መሪጌታ። «የሥራ ባልደረባሽን ስም ማንሣትሽ ደግ ነው። ሁለተኛውን ግን አልሰማሁም። አንቺም አልተናገርሽም።»

«ተናግሬያለሁ አባየ።»

«በዘራችን የሌለ ነው!»

«አባየ፣ ሰምና ወርቅ እያሉ ዕድሜዎን ሙሉ አስተምረዋል። ሰሙን አቅልጦ ወርቁን የሚያፈሰው ማን ነው? ቃሉን ከማን ቤት ነው የወሰድነው? ቃሉን ወስደን ሰውየውን ከደጅ አስቀረነው?»

«ቅኔን ለዚህ አታምጪብኝ!» መሪጌታ ብድግ አሉ። ትርሲት አባቷ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉባት ያን ቀን ገና ሰማች። «ከዚያ ወገን ሽማግሌ ቢመጣ ከደጄ ይመለሳል!» ብለው ገቡ።

በማግስቱ ደግሞ አቶ ወልደ ኪዳን ቢሮ አስጠሯት። ወንበር አላሳዩዋትም። ሞጣ ላይ የተናገረችው ከበላይ ደርሷል። ዕውቅናው ለአንድ ባለሙያ የሚሰጥ ነው፤ ሥራው የእኔ ብቻ አይደለም ብላ በገዛ አፏ ስለመሰከረች እስኪጣራ ድረስ ታግዷል፤ የቀሩትን ሥልጠናዎችም ሌላ ሰው ይሰጣቸዋል።

«ለሁለታችን ይስጡንና ይለቅ!» አለች።

«ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ማሾፋቸው አልነበረም፤ እውነታቸውን ነበር።

ትርሲት ከቢሮው ወጥታ ሜዳው መሐል ቆመች። ስትዋሽ ማዕረጉን አገኘችና ሰውየውን አጣች፤ እውነቱን ስትናገር ማዕረጉንም አባቷንም አጣች፤ ሰውየውም አልተመለሰላት። ሳቋ መጣ፤ ሲወጣ ግን ሳቅ አልነበረም። ስልኳን አውጥታ ሳትሰርዝ፣ ሳታርም ጻፈችለት፦ «ለአባየ ነገርኳቸው። ሁሉንም። እምቢ አሉ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እምቢታውን ራሴ መጥቼ ልስማው። እሑድ።»

ትርሲት ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠጋችው። ደስታ ነው እንዳትል ፍርሃት ነበረበት፤ ፍርሃት ነው እንዳትል ከስንት ጊዜ በኋላ ገና መተንፈሷ ነበር።

* * *

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እንሄድልሃለን ያሉት የሞጣ ሽማግሌዎች የመሪጌታን ስም ሲሰሙ አንዱ እግሬን፣ አንዱ ለቅሶ አለብኝ ብለው ቀርተዋል። የመጡት የሰማው አባት ራሳቸውና ጎረቤታቸው ሐጂ ሳሊህ፣ የሞጣ የጨርቅ ነጋዴ፣ ብቻ ናቸው። ሰማው ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

መሪጌታ አልወጡም። «ደጅ ይቆዩ» አሉ ከውስጥ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እንግዶቹ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ በረታ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው እያየ ያልፋል፤ አልፎም ዞሮ ያያል። ወይዘሮ ወለተ ሐና ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ተመላለሱ። መሪጌታ መጽሐፋቸውን ገልጠው ዓይናቸውን ተክለዋል፤ ገጹ ግን አይገለበጥም።

ትርሲት በመስኮት አየቻቸው። የሰማው አባት ነጭ ጋቢያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጥፈው፣ በእሳት የጠቆሩ እጆቻቸውን ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ከጋቢው ሥር አስገብተዋል። ያቺ እጅ መሸሸግ አንጀቷን በላችው። ነጠላዋን አነሣችና ወጣች።

«ትርሲት! ኧረ ምን ነካሽ?» አሉ እናቷ።

በሩን ከፍታ አለፈች፤ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥታ ከሰማው ጎን፣ ድንጋይ ስላልነበረ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ሳሊህ በመገረም ጢማቸውን ያዙ።

«ሊጠይቋት የመጡላት ልጅ ከጠያቂዎች ወገን ስትቀመጥ ዛሬ ማየቴ ነው!» አሉ።

ሰማው ወደ እሷ ዞረ። ከዚያች የክፍል ቀን ወዲህ ሙሉ ለሙሉ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። «ለምን ወጣሽ? ሰው ያያል» አላት በሹክሹክታ።

«እንዲያይ ነው የወጣሁት» አለች። «ከእንግዲህ ያ ከጎንሽ ያለው ማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።»

ትከሻው ወደ ትከሻዋ ዘመም ሲል ተሰማት። ብዙ ቆዩ። የሚያልፈው ሰው አልፎ አለቀ፤ ጥላው ወደ አጥሩ ተሰበሰበ፤ ትርሲትም ማልቀስ አቃታት፤ መነሣትም አቃታት፤ ዓመታት ሁሉ በዚያ ደጅ ላይ እየተጠበቁ ያለቁ መሰላት።

የበሩ ማጠፊያ ጮኸ። መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ወጡ። መጀመሪያ ያዩት ልጃቸውን ነበር፤ አቧራ ላይ ተቀምጣ። ፊታቸው ላይ ሁለት ነገር ተጣላ፤ ሲጣላ ታየ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሽማግሌው ዞረ። ባለ እጁ ተነሥተው ጎንበስ ሲሉ እጆቻቸው ከጋቢው ወጡ።

«ስምዎ ማን ይባላል?» አሉ መሪጌታ።

ትርሲት ይህን ልብ አለች። የድምፅ ነገር ሙያዋ ነው፤ ተማሪ ያላስተዋላትን አንዲት ፊደል ነጥሎ መስማት ትችላለች። «ስምህ» አላሉም። አባቷ አንድን ባለ እጅ «አንቱ» ሲሉ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም።

«ሰጠኝ እባላለሁ» አሉ ሽማግሌው።

የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ዕድሜ ልኩን በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሰማ የኖረ ጆሮ፣ ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ሰማው።

«ሰጠኝ» ብለው ደገሙት፤ ቀስ አድርገው፣ እያጣጣሙ። «የልጄን ነገር ሊጠይቁኝ መጥተው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ሰጠኝ?»

ማንም አልሳቀም። ለመሳቅ የደፈረ አልነበረም። መሪጌታ ግን ከበሩ ገለል አሉ።

«እሺ አላልኩም» አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሯል። «አላልኩም። ሰው ግን ፀሐይ ላይ አይነጋገርም። ግቡ።»

አቶ ሰጠኝ የበሩን ደፍ ለመርገጥ አመነቱ፤ ሐጂ ሳሊህ ከኋላ በቀስታ ገፋ አደረጓቸው። ሰማው ለመነሣት እጁን ለትርሲት ዘረጋላት። ያዘችው። በመንደሩ ፊት፣ በአባቷ ፊት ያዘችው፤ ከውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለቱም አያውቁም፤ እጁ ግን ሞቃት ነበር፤ እሷም ልትለቀው አልፈለገችም።